ከጦሳ ከመብረራችን በፊት ስለ ባሕር ዛፉ እንነጋገር

ግልጽ ደብዳቤ
ለደሴና ለኮምቦልቻ ከተሞች የቱሪዝም እና የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ክፍሎች፣ እንዲሁም ለሁለቱ ከተሞች ነዋሪዎች

ጉዳዩ፦ ፓራግላይዲንግን (በጨርቅ ክንፍ ከተራራ መብረርን) እና ዛፍ ላይ ማረፍን ይመለከታል

የተከበራችሁ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች፣ ውድ የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች፣ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

ሰሞኑን ፒያሳ ቡና በተጠጣበት ሁሉ አንድ ወሬ አይጠፋም። አንዱ ስልኩን ያወጣና ቪዲዮ ያሳያል። ባለቀለም ክንፍ፣ ከሥሩ ተቀምጦ የሚስቅ ሰው፣ ከታች ሰማያዊ ሐይቅ። ኔፓል ፖካራ ነው፤ ወይም ቱርክ ኦሉዴኒዝ። ከዚያ ጥያቄው ይመጣል፦ «ጦሳ ምን ያንሰዋል?» ሌላው ይቀበላል፦ «ሐረጎስ? ከዚያ ተነስቶ ኮምቦልቻ ማረፍ ነው እኮ!»

ጦሳም ሐረጎም፣ ሁለቱ ተራሮቻችን፣ ምንም አያንሳቸውም። ይህን የምለው ለአገሬ አድልቼ ብቻ እንዳይመስላችሁ። መብረር የተማርኩት ኬንያ ነው፤ ኢተን አጠገብ፣ ከስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ። ኢተን የሯጮች ከተማ ናት። ከፍታዋ ወደ 2,400 ሜትር ነው፤ ከደሴ ብዙም አይርቅም። በጥርና በየካቲት ከአውሮፓ ብርድ የሸሹ በራሪዎች እዚያ ይሰፍራሉ። ጋናም ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፋሲካ ሰሞን ክዋሁ ተራሮች ላይ የፓራግላይዲንግ ፌስቲቫል ታዘጋጃለች። አገሬው ለበዓል ወደ ቤቱ ሲመለስ ሰማዩ በክንፍ ይደምቃል፣ ሆቴሉ ይሞላል። ወሎ ይህን ቢመኝ ነውር የለውም።

ስለ ውበቱ የሚያወራ ግን ሞልቷል። እኔ ማውራት የምፈልገው ስለ ባሕር ዛፉ ነው።

ከጦሳ ቁልቁል ወደ ከተማው ተመልከቱ። ቤት ነው፣ የመብራት ሽቦ ነው፣ ባሕር ዛፍ ነው። ከሐረጎ ወደ ቦርከና በኩል ስታዩም ሜዳው ከመምጣቱ በፊት ብዙ ዛፍ አለ። ከእነዚህ ተራሮች ሰዎች መብረር ከጀመሩ፣ አንድ ቀን አንዱ ሜዳው ላይ መድረስ ያቅተዋል። ያን ቀን ዛፍ ላይ ይቀራል። ሟርተኛ አትበሉኝ። በጀርመን ባቫሪያ ያሉ የተራራ አድን ቡድኖች ፓራግላይደር ከዛፍ ማውረድ ከመደበኛ ሥራቸው አንዱ ነው። ልምድ ያለው በራሪም ይሰቀላል። አብዛኛውን ጊዜ ቡድኑ ደርሶ፣ በገመድ አውርዶ፣ ሻይ አጠጥቶ ይሸኘዋል። እኛ ጋስ ማን ይደርሳል? ምን ይዞ? ደርሶስ ምን ያደርጋል? ደብዳቤዬ በሙሉ በዚህ ዙሪያ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ላስረዳ። ፓራግላይደር ከተራራ ጫፍ በእግር እየሮጡ የሚነሱበት የጨርቅ ክንፍ ነው። ሞተር የለውም። የብረትም የእንጨትም አጽም የለውም። ከፊቱ ባሉት ክፍተቶች ነፋስ ሲገባ ይነፋና ቅርጽ ይይዛል። በራሪው በቀጫጭን ግን በጣም ጠንካራ ክሮች ተይዞ ወንበር በሚመስል መታጠቂያ ውስጥ ይቀመጣል። በሁለት እጁ የሚይዛቸው እጀታዎች ፍሬንም መሪም ናቸው። ስፖርቱ ገና ወጣት ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ ሚየሲ በምትባል መንደር ሦስት ፓራሹት ዘላዮች ከተራራ በሩጫ መነሳት ሞከሩ፤ ከዚያ ወዲህ ነው ዓለምን ያዳረሰው።

በረጋ አየር ክንፉ በሰዓት ከ35 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ይበራል፤ በሰከንድ ደግሞ ከአንድ ሜትር ትንሽ በላይ ይወርዳል። አንድ ሜትር በወረደ ቁጥር ስምንት ዘጠኝ ሜትር ወደፊት ይሄዳል ማለት ነው። ሂሳቡ ወረቀት ላይ ያምራል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ ግን ግማሹን ይበላዋል። ሜዳው እዚያው ይታያል፤ አይደረስበትም።

የእኛ ከፍታ የራሱን ጣጣ ይጨምራል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ያው ክንፍ ያንኑ ሰው ለመሸከም እዚህ በባሕር ጠለል ከፍታ ከሚበረው ከ10 እስከ 15 በመቶ መፍጠን አለበት። ሲነሱ ሩጫው ይረዝማል። ሲያርፉ መሬቱ ቶሎ ይመጣል። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ስለሆነች ትንሽ ትሻላለች። እንግዳ ፓይለት ስትጋብዙ «ስንት ዓመት በርረሃል?» ብላችሁ አትለፉት። «እንዲህ ያለ ከፍታ ላይ በርረሃል ወይ?» በሉት። ዕድሜውን ሙሉ ቱርክ ባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ ሲያርፍ የኖረ ሰው፣ ጦሳ ሥር ሲደርስ ፍጥነቱ ያስደነግጠዋል።

ጠዋት ጸጥ ያለው ተራራ ደግሞ እኩለ ቀን ሲቃረብ ጠባዩን ይቀይራል። ፀሐይ ቁልቁለቱን ታሞቃለች፤ ሞቃቱ አየር ሽቅብ ይነሳል። አሞሮች ክንፋቸውን ሳያራግቡ እየዞሩ የሚወጡት በዚሁ አየር ነው። በራሪውም የሚፈልገው እሱን ነው። ነገር ግን የሚወጣ አየር ባለበት፣ አጠገቡ የሚወርድ አየር አለ። እዚያ ውስጥ የገባ ሰው ሜዳው ጋ ሳይደርስ ከፍታውን ይጨርሳል።

የዛፍ ረድፍ ራሱ አየሩን ይበጠብጣል። ነፋስ ረጅም የባሕር ዛፍ ረድፍ ሲመታ ከበስተኋላው ይገለባበጣል፤ ብጥብጡ ከዛፉ ቁመት ብዙ እጥፍ ርቆ ይሄዳል። ዛፉ 20 ሜትር ከሆነ እስከ 200 ሜትር ድረስ ቢጠረጠር አይበዛም። ስለዚህ ዙሪያውን በባሕር ዛፍ የታጠረ ሜዳ ከላይ ሲያዩት ያምራል እንጂ ጥሩ ማረፊያ አይደለም። ይህን ሜዳ የሚመርጡ ሰዎች ልብ ይበሉልኝ።

የሰው ጠባይም አለበት። የፈራ ሰው ዓይኑ ከዛፉ ላይ አይነቀልም። ዓይን ያየበትን ደግሞ እጅ ይከተላል። ሰፊ ሜዳ መሃል ብቻዋን የቆመች ግራር ላይ ሄደው የሚሰቀሉ ሰዎች አሉ። ብትስቁ አልፈርድባችሁም፤ በራሪዎችም ይስቃሉ።

አሁን ለማመን የሚከብደውን ልንገራችሁ። ዝቅ ብሎ ከዛፍ ለማምለጥ ድንገት ከመታጠፍ፣ ዛፉ ላይ በሥርዓት ማረፍ ይሻላል። በዚህ ስፖርት ሰው ከሚገድሉ ነገሮች አንዱ መሬት አጠገብ መታጠፍ ነው። ሲታጠፍ ክንፉ ወደታች ይሰምጣል፤ ሰውየው ወደ ውጪ ይወረወርና በጎኑ መሬት ይመታል። ፍሬኑን ከመጠን በላይ ስቦ «ትንሽ ልግፋበት» የሚለውም መጨረሻው ያው ነው፤ ክንፉ መብረሩን ያቆምና ይጥለዋል። ቅጠሉ የገጠመ ዛፍ ግን ያለዝባል።

መጥፎው ነገር ዛፉን ጫፉ ላይ መንካት ነው። የክንፉ አንድ ጎን ብቻ ቅርንጫፍ ከያዘው ክንፉ ይዞራል፤ ሰውየው ተወዛውዞ ከዛፉ ውጪ ይወድቃል። ስለዚህ ማምለጫ ከጠፋ መሃል አናቱን ማነጣጠር ነው። ፊት ወደ ነፋሱ ይዞራል። የዛፉ አናት ልክ ሜዳ እንደሆነ ተቆጥሮ ፍሬኑ እዚያ ላይ ይያዛል። እግር ከእግር ይገጠማል፤ ጉልበት ትንሽ ይታጠፋል። እግር ለምን እንደሚገጠም ወንዶቹ ማብራሪያ አይጠይቁኝም። በመጨረሻዋ ቅጽበት ክንድ ፊትንና አንገትን ይሸፍናል። ከዚያ ግንዱን ወይም ወፍራሙን ቅርንጫፍ ማቀፍ ነው።

በዚህ አያበቃም። በራሪው ይቆማል። እፎይ ይላል። ክንፉ ከላይ ጥሩ አድርጎ የያዘው ይመስለዋል። ጨርቁ ግን ቅጠል ላይ ተዘርግቶ ነው ያለው። ነፋስ አንዴ ሲነቀንቀው፣ ወይም አንዲት ቅርንጫፍ ስትቀነጠስ፣ ሁሉም በአንዴ ይሾልካል። ስንት ሰው ዛፉን በሰላም ነክቶ ከዛፉ ወድቆ ተሰብሯል።

ስለዚህ ከምንም በፊት ራሱን ከግንዱ ጋር ያስራል። ለዚህ የሚሆን ጠንካራ ማሰሪያና አንድ የመቆለፊያ ቀለበት በመታጠቂያው ኪስ ሁልጊዜ መኖር አለበት። ከታሰረ በኋላ ራዲዮውን ያነሳል። ከዚያ ይጠብቃል። በቃ፣ ይጠብቃል። መታጠቂያ መፍታት የለም። «ሁለት ሜትር ናት፣ እዘላታለሁ» ማለት የለም፤ ከላይ ሲታይ ቁመት ያታልላል። በነገራችን ላይ ብዙ በራሪዎች ኪስ ውስጥ የጥርስ ማጽጃ ክር ታገኛላችሁ። ጥርሳቸውን ስለሚወዱ እንዳይመስላችሁ። ክሩ ቀጭን ነው፣ ቀላል ነው፣ 30 ሜትር ያህል ይዘረጋል። ጫፉ ላይ ቁልፍ ወይም ጠጠር ይታሰርና ወደ ታች ይለቀቃል። ከታች ያለው ሰው ገመድ ያስርበታል፤ ገመዱ ይጎተታል። እንዲህ ያለ ትንሽ ዕቃ የሰው ሕይወት ሲያወጣ ደስ ይላል።

ችግሩ፣ ይህ ትምህርት በአብዛኛው የተዘጋጀው የአውሮፓን ዛፍ እያዩ ነው። ጥዳቸው ከላይ እስከ ታች ቅርንጫፍ አለው። የእኛ ባሕር ዛፍ ረጅም ነው፣ ቀጭን ነው፣ ልሙጥ ነው። ቅርንጫፉ ያለው አናቱ ጋ ነው። ሰው ሲሰቀልበት ይለመጣል። ለአጠና የተያዘው ደግሞ ከአንድ ጉቶ አራት አምስት ሆኖ ያቆጠቆጠ ነው፤ ክብደት ሲያርፍበት የትኛው ቀድሞ እንደሚለቅ አይታወቅም። ከሥሩስ? ጉቶ። በመጥረቢያ በሰያፍ የተመታ ጉቶ አፉ ሹል ነው፤ ሣሩ ይሸፍነዋል። ከ10 ሜትር የሚወድቅ ሰው የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ምርጫ ካለ የሐበሻ ጥድ፣ ወይራ ወይም ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ይመረጣል። ምርጫ ከሌለ ከተለየው አንድ ባሕር ዛፍ ይልቅ ተጠጋግቶ የበቀለው ጫካ ይሻላል።

የመብራት ሽቦን ከዛፍ ጋር የሚያወዳድር በራሪ የለም። ሽቦ ወይስ ዛፍ ከተባለ፣ ዛፍ። ውሃ ወይስ ዛፍ ቢባልም ብዙዎቹ ዛፉን ይመርጣሉ፤ በክርና በጨርቅ ተጠላልፎ መስጠም አለና። ሽቦ ከአየር ላይ አይታይም፤ የሚታየው ምሰሶው ነው። ሁለት ምሰሶ ያየ ሰው በመካከላቸው ሽቦ እንዳለ ቆጥሮ መዞር አለበት። ክንፍ ሽቦ ላይ ከቀረ ደግሞ ማንም አይጠጋም፣ ማንም አይነካም። ጨርቅ ነው፣ ደረቅ ነው እያሉ መሳብ የለም። መብራት ኃይል መስመሩን አጥፍቶ «አጥፍቻለሁ» እስኪል ድረስ ሁሉም ከሩቅ ይቆማል። ሰፈሩ ላይ መብራት ስለጠፋ ብቻ መስመሩ ሞቷል ማለት አይደለም። በየሰዓቱ የሚመለስ መብራት እኮ ነው ያለን።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፣ ወደ ነዋሪው። እጄን ለብዕር ያነሳሳኝ ይህ ክፍል ነው።

የወሎ ሰው የተቸገረ እያየ ዝም ብሎ አያልፍም። ዛፍ ላይ ሰው ተሰቅሏል ከተባለ ሰፈሩ ሁሉ ወዲያው ዛፉ ሥር ነው። አንዱ መጥረቢያ ይዞ ይሮጣል። አንዱ የተንጠለጠለውን ጨርቅ ይጎትታል። ሁለት ጎረምሶች ጫማቸውን አውልቀው ግንዱን ይያያዙታል። አንዲት እናት «ኧረ በአላህ! ኧረ በማርያም!» እያሉ ይጮኻሉ። ሌላው እጁን ዘርግቶ «ዝለል፣ እንቀልብሃለን!» ይላል። ሁሉም በደግነት ነው። ከእናቲቱ ጩኸት በቀር ግን ይህ ሁሉ ሥራ ሰውየውን ሊገድለው ይችላል።

ዛፉን መቁረጥ ሰውየውን ከነዛፉ መጣል ነው። ገና ሦስተኛው ምት ላይ ከላይ ያለው ጨርቅ ሊሾልክ ይችላል። ጨርቁን መጎተትም ያው ነው፤ ሰውየውን የያዘው ብቸኛ ነገር እሱ ሊሆን ይችላል። ሁለት ጎረምሳ ወጥቶ በዚያው ቀጭን ግንድ ላይ ሦስት ሰው ከሆነ ግንዱ አይችልም፤ ልጆቹም ጎበዝ ይሁኑ እንጂ ገመድ የላቸውም። መቅለቡን ደግሞ እርሱት። ከ8 ሜትር የወደቀ ሰው መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቀላቢውም አብሮ ይሰበራል።

ታዲያ ቆመን እንይ? የለም። መጀመሪያ አናግሩት። «አብሽር ወንድሜ፣ አይዞህ፣ ሰው ተጠርቷል» ማለትን አትናቁት። የሚመልስ ሰው ነቅቷል። የት እንዳመመው ጠይቁት። ራሱን ከግንዱ ጋር ማሰሩን ጠይቁት፤ ካላሰረ እንዲያስር ንገሩት። ሕፃናቱን ከሥሩ አርቁ፤ ቅርንጫፍም ዕቃም ሊወድቅ ይችላል። አንድ ሰው መንገድ ዳር ቆሞ የሚመጡትን ይጠብቅ፤ ጫካ ውስጥ ቦታ ፈልጎ ማግኘት ጊዜ ይበላል። ክር ከላይ ከወረደ ጠንካራ ገመድ እሰሩበት። አለቀ። የቀረው የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው።

መቸኮል የሚያስፈልገው ሰውየው ካልመለሰ ነው፤ ወይም ሰውነቱ ቀጥ ብሎ በእግር ማሰሪያዎቹ ተንጠልጥሎ ከተዝለፈለፈ። እንዲህ ሳይንቀሳቀስ የቆየ ሰው ደሙ እግሩ ላይ ይጠራቀማል፤ ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ራሱን ሊስት ይችላል። ነቅቶ ከሆነ እግሩን ያንቀሳቅስ። ገመድ ካለው ቀለበት ሠርቶ እግሩን ይርገጥበት። ይህን ለሚመጣው ቡድን በስልክ ንገሩት፤ «ተሰቅሏል» እና «ተሰቅሎ ዝም ብሏል» ለእነሱ ሁለት የተለያዩ ጥሪዎች ናቸው።

ከወደቀስ? ያኔ የባጃጅ ሹፌር ወንድሞቼን እለምናለሁ። ለሰው ቀድማችሁ የምትደርሱት እናንተ ናችሁ፤ እናውቃለን። በዚህ ስፖርት ከተለመዱት ጉዳቶች ዋነኞቹ የወገብ አከርካሪና የእግር ስብራት ናቸው። የተሰነጠቀ አከርካሪ ያለውን ሰው አጣጥፎ ባጃጅ ኋላ ማስቀመጥ፣ ከዚያ በእኛ መንገድ ማንገጫገጭ፣ በእግሩ ሊሄድ የሚችለውን ሰው ሽባ ሊያደርገው ይችላል። ደም በኃይል የሚፈስ ከሆነ ቁስሉን ተጭኖ መያዝ ነው። ከዚያ በላይ ሰውየው ባለበት ይተኛ። ጋቢ አልብሱት። ሄልሜቱን አታውልቁ፤ አንገቱን ቀና አታድርጉ፤ ውሃ አታጠጡት። አምቡላንስ መድረስ የማይችልበት ቦታ ከሆነ፣ ወላድና ታማሚ ስንሸከምበት የኖርነው ቃሬዛ ከባጃጅ ይሻላል። ሳንቃ ይነጠፍበት እንጂ መሃሉ እንዳይረግብ።

የዛፉ ባለቤትም አለ። እሱን የሚያስታውሰው የለም። ባሕር ዛፍ የገበሬው ባንክ ነው። ልጅ ሲዳር፣ ማዳበሪያ ሲገዛ፣ ቤት ሲታደስ ከዚያ ይቆረጣል። በራሪው ደግሞ አዲስ ክንፉን የገዛው ከ3,000 ዶላር በላይ አውጥቶ ነው። ሰውየው በሰላም ከወረደ በኋላ አንዱ «ዛፌ!» ሌላው «ክንፌ!» ይላል። ጠቡ ከዚህ ይጀምራል። ስለዚህ የካሳው ነገር ማንም ከመብረሩ በፊት ይጻፍ፤ ለበረራ አዘጋጁ ፈቃድ ሲሰጠው ኢንሹራንሱም አብሮ ይታይ። ለልጆቻችንም አንድ ነገር እንንገራቸው። የክንፉ ክር ጠንካራ ነው፤ ለከብት ማሰሪያ ያጓጓል። ግን አትቁረጡት። ዛፍ ላይ የቀረ ክንፍ ድጋሚ ከመብረሩ በፊት እያንዳንዱ ክር ይለካል፣ ጨርቁ ይመረመራል፤ የጎደለ ክር ካለ ክንፉ አይነሳም።

ኃላፊዎች ሆይ፣ ከእናንተ የምፈልገው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። የሚያስፈራኝ ቅደም ተከተሉ ነው። እኛ ጋ መጀመሪያ ባነር ይሰቀላል። ሪባን ይቆረጣል። ካሜራ ይመጣል። ማረፊያው ከዚያ በኋላ ይታሰባል።

በዚህ ሥራ ከመነሻው በፊት የሚመረጠው ማረፊያው ነው። ከተማ መሃል ያለ የኳስ ሜዳ ለቪዲዮ ያምራል፤ በሽቦና በቤት ከተከበበ ግን ተውት። በገራዶ በኩል ሰፋ ያለ መሬት አለ። የሰው እርሻ ስለሆነ ባለቤቶቹ ይጠየቁ። ጤፍ በቆመበት ላይ ማረፍ ደግሞ ከአደጋም በላይ ነውር ነው፤ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ይሁን። የነፋስ አመልካች ጨርቅ ይተከል። ሜዳው ላይ ራዲዮ የያዘ ሰው ይኑር፤ ነፋሱ ሲበረታ «አትነሱ» ማለት የሚችል፣ ሲናገርም የሚሰማ። በኮምቦልቻ በኩል አውሮፕላን ማረፊያ አለ። የመንገደኛ አውሮፕላን በሚያርፍበት አቅራቢያ ክንፍ ይዞ መነሳት የቱሪዝም ቢሮ ብቻውን የሚፈቅደው ነገር አይደለም። ከኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ጋር ወሰኑና ሰዓቱ ቀድሞ ይወሰን።

የሚመጣው ዕቃም ይታይ። በአውሮፓ መለኪያ ክንፎች ከኤ እስከ ዲ ይመደባሉ፤ ኤ ስህተትን በቀላሉ ይቅር የሚል ነው፣ ዲ ብዙ ልምድ የሚጠይቅ። እዚህ ለሚጀምር ሰው ዲ ምን ያደርግለታል? መጠባበቂያ ፓራሹቱ መቼ እንደታጠፈ ይጠየቅ። መንገደኛ ይዞ የሚበር ፓይለት ከሆነ ደግሞ መመሪያው በአማርኛ ይነገር። «ሩጥ»፣ «እግርህን ግጠም»፣ «እስክልህ ድረስ ምንም አትፍታ»። ዛፍ ላይ ከቀሩ በኋላ ማስተርጎም አይቻልም።

ስለ ጉም ለደሴ ሰው አልነግርም። ጉም ካለ በረራ የለም። የክረምቱ ነጎድጓድ ደመና ከታየም የለም። በ2007 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ አንዲት ጀርመናዊት በራሪ እንዲህ ያለ ደመና ስቦ ወደ 10,000 ሜትር የተጠጋ ከፍታ አድርሷታል። በበረዶ ተሸፍና በተአምር ተረፈች። በዚያው ቀን ያው ደመና የሳበው ቻይናዊ በራሪ አልተረፈም።

የአድን ቡድኑን ከባዶ መመሥረት አያስፈልግም። ትልቁ የእሳት አደጋ መኪና ቁልቁለት ላይ ያለ ባሕር ዛፍ ውስጥ አይገባም፤ በትከሻ የሚሄድ ተቀጣጣይ መሰላል፣ ረጅም ገመድ፣ የመውጫ መታጠቂያ ነው የሚያስፈልገው። በብረት ጫማ ምሰሶ ላይ መውጣት የሚያውቁ የመብራት ኃይል ሠራተኞች አሉን። ባዶ እግራቸውን ግንድ የሚወጡ የአካባቢው ልጆች አሉን። የቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኞች አሉን። እነዚህን አንድ ላይ ማሠልጠን ነው። ሲሠለጥኑ ደግሞ በአዳራሽ ስላይድ እያሳያችሁ አይሁን። ጆንያ ሙሉ አሸዋ ሰው በሚያህል ክብደት ባሕር ዛፍ አናት ላይ ስቀሉና «አውርዱት» በሏቸው። ጆንያው ሳይቀደድ እስኪወርድ ድረስ ደጋግሙት። ሰፈሩም መጥቶ ይይ። መጥረቢያው ለምን እንደማያስፈልግ ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ትምህርት የለም።

የመጀመሪያው የበረራ ፈቃድ ከመፈረሙ በፊት ለጥቂት ጥቃቅን ጥያቄዎች በጽሑፍ መልስ ብትሰጡን ደስ ይለናል። መሰላሉ የት ይቀመጣል? የመጋዘኑ ቁልፍ ቅዳሜና እሑድ ማን ጋ ነው? የመብራት ኃይል ተረኛውን ስልክ የያዘው ማነው? የተበላሸ ዛፍ የሚገምተው ማነው፣ በስንት ቀን ይከፈላል? እነዚህ ከተመለሱ ባነሩን ተሸክሜ ጦሳ ድረስ የምወጣው እኔ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የደሴ ልጅ

ግልባጭ፦
ለጦሳ ግርጌና ለሐረጎ የባሕር ዛፍ ባለቤቶች
ለባጃጅ ሹፌሮች
መጥረቢያ ይዞ ለሚሮጠው ደግ ሰው